እህቴን ፎርሙ ላይ ልጻፋት ወይስ ልደብቃት?

*ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባሕር ዳር እኖራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ በፋርማሲስትነት እሠራለሁ።*

*አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ። በዲቪ አሜሪካ ከሄደች ቆየች፤ አሁን ዜጋ ናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። እናታችን ባለፈው ዓመት ስታርፍ እህቴ በኦፕራሲዮን ወልዳ አልጋ ላይ ስለነበረች መምጣት አልቻለችም። በስልክ ነው የተላቀስነው። አንድ ላይ ተቀምጠን እርማችንን አላወጣንም። «ነይና አንድ ወር አብረን እንሁን፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ስትለኝ ለቱሪስት ቪዛ አመለከትኩ።*

*ፎርሙን የሞላልኝ የባለቤቴ ጓደኛ የሚያውቀው ሰው ነው። ብዙ ሰው ልኳል ይባላል። «አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ቤተሰብ አለሽ ወይ» የሚለው ጋ ሲደርስ «የለኝም» ብሎ ሞላው። ማረፊያዬንም ዋሽንግተን ያለ ሆቴል አደረገው። «እህት አለኝ ካልሽ፣ ትቀራለች ብለው ወዲያው ነው የሚመልሱሽ» አለኝ። በሰዓቱ ዝም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም። ያሳደገችኝን እህቴን የካድኳት ያህል ነው የሚሰማኝ።*

*ሌላም ነገር አለ። እህቴ ዜግነት እንዳገኘች «ለአንቺም ሞልቼልሻለሁ» ብላኝ ነበር። ምን እንደሞላች በደንብ አልጠየቅኳትም። ሰውየው ይህንንም አታንሺ አለኝ። ባለቤቴ «እሱ ያውቃል፣ ነገሩን አታበላሺው» ይላል። የተጻፈውን ለእህቴ መንገር ደግሞ አፈርኩ። ቃለ መጠይቄ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ይሻለኛል?*

*የጨነቃት፣ ከባሕር ዳር*

ውድ እህቴ፣

አስቀድሜ እናታችሁን ነፍስ ይማር፤ ለአንቺም ለእህትሽም መጽናናቱን ይስጣችሁ። እናቱን ቀብሮ ከአንድ እህቱ ጋር ያልተላቀሰ ሰው ሐዘኑ እንዳልወጣለት አውቃለሁ። ስለዚህ ጉዞሽን እንደ ሽርሽር አላየሁትም።

እንቅልፍ የነሳሽም ይገባኛል። ፎርሙን ለሞላው ሰው «የለኝም» ከብዙ ጥያቄዎች የአንዱ መልስ ናት፤ ተጭኗት አለፈ። ላንቺ ያሳደገችሽ እህት ናት። በሰዓቱ ዝም በማለትሽ ግን ራስሽን አትውቀሺ። ባልሽ ያመነው፣ ብዙ ሰው ልኳል የተባለ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ «ቆይ፣ ይሄ ልክ አይደለም» ማለት ለማንም ይከብዳል። ደግነቱ ገና ሦስት ሳምንት አለሽ።

ምክሬን ሳላንዛዛ ልንገርሽ፤ ፎርሙን ከቃለ መጠይቁ በፊት አስተካክይው። እህትሽን ጻፊያት።

ሰውየው የነገረሽ ፍርሃት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) የጉብኝት ቪዛ ጠያቂውን ከመጀመሪያው «እዚያው ለመቅረት የሚሄድ» አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እንደምትመለሺ ማሳመን ያለብሽ አንቺ ነሽ። እህት መኖሯም ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ነው፤ አይደለም ብዬ አልሸነግልሽም። ሆኖም አንዱ ብቻ ነው። ሥራሽ፣ ትዳርሽ፣ እዚህ ትተሻቸው የምትሄጂው ልጆችሽ፣ የምትቆዪበት ጊዜ፣ ወጪውን የሚሸፍነው ሰው፣ ሁሉም አብሮ ይታያል። አሜሪካ እህት ወንድም እያላቸው ቪዛ የተሰጣቸው ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ማንም ዘመድ ሳይኖራቸው የተከለከሉም እንዲሁ።

እስቲ የሰውየውን መንገድ ተከትለን ቃለ መጠይቁ እስከሚደረግበት የኤምባሲው መስኮት ድረስ እንሂድ። ለምን ትሄጃለሽ ይሉሻል። ልጎበኝ ትያለሽ። ለስንት ጊዜ? አንድ ወር። የት ታርፊያለሽ? ሆቴል። ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ ምን ልትይ ነው? «ከደሞዜ» ብትይ፣ የባሕር ዳር ፋርማሲስት ደሞዝ ዋሽንግተን ሆቴል ውስጥ ስንት ሌሊት እንደሚያሳድር ጠያቂውም ያውቀዋል። «እህቴ» እንዳትይ ፎርሙ እህት የለኝም ይላል። አንዷ «የለኝም» ሌሎች ሦስት አራት ውሸቶችን ትጎትታለች። ያንን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ሥራው ሰውን መመዘን ለሆነ ሰው መናገር ይኖርብሻል። በሌላ በኩል እውነተኛው መልስሽ አጭር ነው። እናታችን ሞታለች፣ እህቴ ወልዳ ስለነበር መምጣት አልቻለችም፣ አንድ ወር አብሬያት ሆኜ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ። ሰው የሚረዳው ምክንያት ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ወሬ «ተከለከለች» የሚባለው ሁሉ አንድ ይመስላል። አይደለም። በ214(ቢ) ብትከለከዪ ለማመልከቻው የከፈልሽው 185 ዶላር አይመለስም፣ ይግባኝም የለውም፣ ልብም ይሰብራል። ቢሆንም ሁኔታሽ ሲለወጥ እንደገና ማመልከት ትችያለሽ። ወሳኝ የሆነ ነገር ሆነ ብለሽ ዋሽተሻል ተብሎ ከተወሰነ ግን የሚያዘው በዚያው ሕግ አንቀጽ 212 ነው። ካናዳ እንዲህ ሲያጋጥማት ለ5 ዓመት ትከለክላለች፤ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት ትሄዳለች። የአሜሪካው ማብቂያ የለውም፣ ዕድሜ ልክ ነው። የይቅርታ ማመልከቻ የሚባል መንገድ አለ፤ ለጊዜያዊ ቪዛ ሲሆን በባለሥልጣናቱ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ለመኖሪያ ቪዛ ሲሆን ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል ወይም ወላጅ ሊኖርሽ ይገባል። እህት ለዚህ አትቆጠርም።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። «ለአንቺም ሞልቼልሻለሁ» የሚለውን የእህትሽን ቃል ሳነብ ደነገጥኩ፣ ለዚያ ነው። እንደምገምተው እህትሽ የሞላችው አይ-130 የሚባለውን፣ ዜጋ የሆነ ሰው ለእህት ለወንድሙ የሚያስገባውን ማመልከቻ ነው። ወረፋው እጅግ ረጅም ነው፤ ዛሬ ተራ የሚደርሳቸው ከ15 ዓመት በላይ የጠበቁ ናቸው። ተራው ሲደርስ ግን አንቺን ብቻ አይደለም የሚያካትተው። ባልሽና ያላገቡ፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችሽም አብረውሽ ይገባሉ።

አሁን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። እህትሽ ያስገባችው ማመልከቻ ሙሉ በሙሉ የቆመው እናንተ እህትማማች በመሆናችሁ ላይ ነው። ስምሽ፣ የትውልድ ቀንሽ፣ የወላጆቻችሁ ስም እዚያ ሰፍሯል። ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ፎርም ደግሞ በአንቺ ስም አሜሪካ ውስጥ እህት የለኝም ይላል። ሁለቱም የሚገኙት በአንድ መንግሥት እጅ ነው። ቪዛ ፎርሙ ላይ «በስምሽ የኢሚግራንት ማመልከቻ ያስገባ ሰው አለ ወይ» የሚል ራሱን የቻለ ጥያቄም አለ። እዚያም «የለም» ተብሎ ከሆነ ውሸቱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ምናልባት ዛሬ ማንም አላስተዋለውም እንበል። ቪዛውን አግኝተሽ፣ ሄደሽ፣ ተመልሰሽ መጣሽ። ከብዙ ዓመት በኋላ የእህትሽ ማመልከቻ ተራ ሲደርስ የዛሬው ፎርም ፋይልሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። እህት የለኝም ብለው ጽፈው ምንም ያልደረሰባቸው ሰዎች አሉ፤ ወሬያቸው ሰፈር የሚዞረውም ለዚህ ነው። ከዓመታት በኋላ የተያዘው ሰው ግን አፍሮ ዝም ስለሚል የእሱ ታሪክ ጆሯችን አይደርስም።

የማመልከቻው መኖር በራሱ የጉብኝት ቪዛ አያስከለክልም። «አንድ ቀን በሕጋዊ መንገድ ተራዬ ሲደርስ ልሄድ እችላለሁ፤ አሁን ግን ለአንድ ወር ሄጄ እመለሳለሁ» ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጉዳይሽን ያከብደዋል? አዎ፣ ሊያከብደው ይችላል። ቢሆንም ከከባድ ጉዳይ ጋር መቅረብ፣ ለዘለዓለም ከመዘጋት ይሻላል።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ከሁሉ በፊት ለእህትሽ ደውዪ። ማፈርሽ ይገባኛል፤ ሆኖም የተጻፈውን ከአንቺ አፍ ብትሰማው ይሻላል። የሆነውን እንዳለ ንገሪያት። ከዚያ ምን እንደሞላችልሽ፣ መቼ እንዳስገባች ጠይቂያት፤ ከኢሚግሬሽን የመጣላት የመቀበያ ወረቀት ይኖራል፣ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። እግረ መንገዷን እዚያው ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር። ያንቺ ጉዳይ ማመልከቻም የተሳሳተ ፎርምም ስላለበት ለአንድ ሰዓት ምክር የሚከፈለው ገንዘብ አይቆጭም።

ቀጥሎ ሰውየው የሞላውን ሙሉ ቅጂ ከእጁ ተቀበይ። ፎርሙ አንዴ ከገባ በኋላ እላዩ ላይ መሰረዝ መደለዝ አይቻልም። አዲስ ዲኤስ-160 መሙላት ግን ይቻላል። ይህንን ራስሽ ሙዪው። አንቺ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን መድኃኒት መለያውን ሳታነቢ ለታካሚ አትሰጪም፤ ይህንንም እንደዚያው መስመር በመስመር አንብቢው። የቅርብ ቤተሰብ በሚለው ላይ እህት፣ ሙሉ ስሟ፣ የአሜሪካ ዜጋ። ማረፊያ ላይ የእሷ ቤት አድራሻ። ወጪ የሚሸፍነው ላይ እሷ። የኢሚግራንት ማመልከቻው ላይ እንዳለው። ፎርሙን ለመሙላት የረዳሽ ሰው እንዳለ የሚጠይቅ ቦታም አለ፤ አዲሱን ስትሞዪ የሚረዳሽ ሰው ካለ እሱንም ጻፊ። ስትጨርሺ የሚወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ከቀድሞው ይለያል። ቁጥሩ ከቀጠሮሽ ጋር መያያዙን በቀጠሮ መያዣው ገጽ ላይ ቀደም ብለሽ አረጋግጪ፤ ለመጨረሻዎቹ ቀናት አታቆዪው። አልያያዝ ካለ ቀጠሮውን መግፋት ይሻላል።

አሮጌው ፎርም ግን ከመዝገብ አይጠፋም። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄደሽ መስኮቱ ፊት ስትቀርቢ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ገና ሲጀመር አንሺው። «የመጀመሪያውን ፎርም የሞላልኝ ሌላ ሰው ነበር፤ እህት የለኝም ተብሎ ተጽፏል፤ ልክ አይደለም፣ አስተካክዬ አዲስ አስገብቻለሁ» በይ። ውሸት ሳይጋለጥ በፊት፣ በራስ ፈቃድና በጊዜው የታረመ ነገር እንደ ማጭበርበር እንዳይያዝ የቆንስላዎቹ የራሳቸው መመሪያ ቦታ ይሰጠዋል። ገና ጊዜ አለሽ የምልሽ ለዚህ ነው። ከተጠየቅሽ በኋላ፣ ወረቀቱ ፊትሽ ከተዘረጋ በኋላ ማረም ግን ዋጋው ሌላ ነው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጠንቀቂ። «ምን እንደጻፈ አላውቅም ነበር» እንዳትይ። ታውቂ ነበር። ፎርሙ ላይ «የጻፍኩት እውነት ነው» ብሎ የሚፈርመውም አመልካቹ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። «ነግሮኝ ነበር፣ ፈርቼ ዝም አልኩ፣ ግን ልክ ስላልሆነ አረምኩት» ብትይ ያስከብርሻል። በእንግሊዝኛ ይጨንቀኛል ካልሽ በአማርኛ ማስረዳት እንደምትፈልጊ ገና ሲጀመር ንገሪያቸው። ሐሳብሽን በደንብ የምትገልጪበት ቋንቋ ይሻልሻል።

ስለ ወረቀት ብዙ አትጨነቂ። የእህትሽ የጥሪ ደብዳቤ ወይም የስፖንሰር ወረቀት ለጉብኝት ቪዛ ግዴታ አይደለም። ከመሥሪያ ቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የሙያ ፈቃድሽ፣ የጋብቻና የልጆችሽ የልደት ምስክር ወረቀት ይኑርሽ። ላያዩትም ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚወስነው የምትመልሺው መልስ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ እንምጣ፤ በጣም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። «ነገሩን አታበላሺው» ያለሽ ጉዞሽ እንዲሳካ ፈልጎ ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። እሱ የሚያውቀው ግን የቪዛውን ወሬ ብቻ ነው። የእህትሽን ማመልከቻ፣ እሱና ልጆቹም እዚያ ውስጥ እንዳሉበት፣ ውሸቱ ከተያዘ የሚዘጋው በር የአራታችሁም መሆኑን የነገረው የለም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ረጋ ብላችሁ ተቀመጡ። «ጓደኛህ የላከው ሰው አታለለን» ብለሽ አትጀምሪ፤ ወደ መከላከል ይገባል። «እህቴ የሞላችው ነገር አለ፣ እሱን እንዳናጣው ፈራሁ» ብለሽ ጀምሪ። ሰውየውን ራሱን መጣላትም አያስፈልግም። ቪዛው ቢሳካ አመስግኑት፣ ባይሳካ ግን ከአንቺ ጋር መስኮቱ ፊት የሚቆም አይደለም። ከአሁን በኋላ ፎርሙ የአንቺ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ አትጻፊው፣ ለራስሽ መልሺው። ይሄን ጉዞ በተመለከተ «ሄዳ ብትቀርስ» የሚል ሐሳብ ቤታችሁ ውስጥ አለ? በባለቤትሽ ልብ፣ በእህትሽ ልብ፣ ወይም በአንቺው ጥግ ላይ? እንዲህ ማሰብ ነውር አይደለም፤ ዘመኑ ከባድ ነው፣ ብዙ ሰው ያስበዋል። ካለ ግን ከቃለ መጠይቁ በፊት አውጥታችሁ ተነጋገሩበት። የምትሄጂው ለመመለስ ከሆነ «እመለሳለሁ» የሚለው ቃል ከአፍሽ ሳትታገዪ ይወጣል። ከልብሽ ካልሆነ፣ ማስተካከል ያለብሽ ነገር ከፎርሙ በፊት ያለው ነው፤ ጉዞውንም ቆም ብለሽ እንደገና አስቢበት።

እውነቱን ተናግረሽ ብትከለከዪስ? ሊሆን ይችላል፤ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ያን ቀን ታለቅሻለሽ። ባለቤትሽም «ብዬሽ ነበር» ሊል ይችላል። ለዚያ ቀን ከአሁኑ ተዘጋጁና አስቀድመሽ ለእሱም ለእህትሽም «ብከለከልም የእኔ ውሳኔ ነው» በያቸው። የእህትሽ ማመልከቻ ግን ተራው ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ስምሽም ንጹሕ ነው።

እርም ለማውጣት መሄድ ያለብሽስ የግድ አንቺ ነሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ እህትሽ ትምጣ የሚል ሐሳብ አላየሁም። ሕፃኑ አድጓል፤ እሷም ከኦፕራሲዮኗ አገግማለች። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ናትና ቢጫ ካርድ ካወጣች ያለ ቪዛ ትገባለች። የእናታችሁ መቃብር ያለው እዚህ ነው፣ ጎረቤቱም ዕድርተኛውም እዚህ ነው። ምናልባት መምጣት ፈልጋ የገንዘቡ ወይም የፈቃዷ ነገር ይዟት ይሆናል፤ ምናልባትም እናቷ የሌሉበትን ቤት ማየት ፈርታ ይሆናል። እሱን ከእሷ ስሚ። ለአንቺ ትኬት ልትከፍል ያሰበችው ገንዘብ ለእሷም መምጫ ይሆናል። የቪዛውን ነገር ስትነግሪያት ይህንንም አብረሽ ጠይቂያት፤ አዲሱን ፎርም ግን የእሷን መልስ ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ሙዪው። የሆነውንም ጻፊልኝ።